ሲኤንጂና የላቭ ፊልድ ወረፋ

ዳላስ ውስጥ ላቭ ፊልድ ኤርፖርት ላይ ካብ (ታክሲ) የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የከተማው ምክር ቤት አንድ ደንብ አወጣ። በሲኤንጂ፣ ማለትም በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ብቻ የሚሠራ ታክሲ ኤርፖርቱ ላይ ከወረፋው ፊት ይገባ ነበር። የቤንዚን ታክሲ ምንም ያህል ቀድሞ ቢመጣ ይጠብቅ ነበር። እኔ ሲኤንጂ ከሚነዱት ወገን ነበርኩ።

ነዳጁን ወድጄው ነው የያዝኩት። ዛሬም እወደዋለሁ። ያኔ ቤንዚን ጋሎኑ ከ3 ዶላር አልፎ ነበር። በአንድ ጋሎን ቤንዚን የምትሄደውን መንገድ የሚያስኬድህ ሲኤንጂ ግን 2 ዶላር አካባቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ልዩነቱ የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ሞተሩም ይመሰክራል። ዘይት መለኪያውን ስቤ ሳየው ዘይቱ ከርሞም ማር ይመስላል፤ ጋዙ ሲቃጠል ጥላሸት የለውማ። ብዙ ሰው "ቦምብ ተሸክመህ ነው የምትዞረው" ይለኛል። ጋዙ ከአየር ስለሚቀል ሲያፈተልክ ወደ ላይ ይበናል፤ የቤንዚን ትነት ግን ታች ይተኛል። ለመቀጣጠልም ከቤንዚን የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።

ችግር የለውም አልልም። ጋዙ የሚሞላባቸው ሲሊንደሮች ትራንኩን ይበሉታል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ የያዘ ቤተሰብ ሲመጣ አንደኛ ቆሜ እንኳ ለኋለኛው መልቀቅ ነበረብኝ። ደግሞ የቴክሳስ ሐምሌ አለ። በፍጥነት ሲሞላ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ይሞቃል። ማሽኑ ሞላ ብሎ ይቆማል፣ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ጌጁ ይወርዳል። ይህን የለመደ ሹፌር ጠዋት ሳይሞቅ ነው የሚሞላው።

እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው ግን ከጋሼ ጋር ያደረግነው ንግግር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሎቱ (ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ) ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ አሜሪካ ሳልገባ ዳላስ ላይ ካብ የነዱ ሰው ናቸው። መኪናው የራሳቸው ነው፣ ቤንዚን። ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። እኔ ቁርሴን በልቼ ደርሼ በጎናቸው አልፌ ፊት ቆምኩ። ከመኪናቸው ወርደው መጡና መስኮቴን አንኳኩ።

"አንተ፣ ዛሬም ቀደምከኝ?"

"ጋሼ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም እኮ።"

"ማን አወጣኸው አለህ? የተጠቀምክበት ግን አንተ ነህ።"

በዚያ ሰሞን ስለ ሲኤንጂ ያላነበብኩት ነገር አልነበረም። ያወቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። "ለአየሩ ተብሎ ነው። እዚህ ሎት ውስጥ ሞተር አስነስተን ኤሲ ከፍተን ስንውል ጭሱን የምንስበው እኛው ነን። ጭሱ ሲቀንስ ለእርስዎም ነው።"

አላቋረጡኝም። ጨርሼ ዝም ስል፣

"አየሩ የሁላችን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ዋጋውን ለምንድን ነው እኔ ብቻ የምከፍለው?"

ስለ ነዳጁ አልነበረም የጠየቁኝ። እኔ ስለ ጥላሸትና ስለ ቤንዚን ዋጋ ላወራ ተዘጋጅቻለሁ፤ እሳቸው የጠፋባቸውን ጠዋት ነው የሚያወሩት። አንድን መኪና በሕጋዊ መንገድ ወደ ሲኤንጂ ለማስቀየር ያኔ ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ፣ በዚያ መኪና፣ ማን ያበድራቸዋል? ተራ አስከባሪው ስታርተር ጠራኝ፣ ተሳፋሪ ጭኜ ወጣሁ። ዳውንታውን እስክደርስ አንጀቴ እያረረ ነበር። በእሳቸው አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ መኪናውን በሊዝ የሰጠኝ ካምፓኒ የሲኤንጂ ካቦችን ሳምንታዊ ክፍያ ከፍ አደረገ። ምክንያቱን ሲነግሩን አላፈሩም፤ "ከፊት ትገባላችሁ፣ ነዳጃችሁም ርካሽ ነው" አሉ። የጋሼ ተራ እኔ ኪስ ውስጥ እንኳ አልቀረም። በእኔ በኩል አልፎ ጭስ የማይደርስበት ቢሮ ውስጥ ገባ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል።

የሹፌሮች ማኅበር ከተማውን ከሰሰ። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ከተማው እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጣ ይከለክላል ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን አጸናው። ደንቡ ያበረታታል እንጂ ማንንም መኪና ቀይር ብሎ አያስገድድም ነው የውሳኔው ሐሳብ። የሕጉ ነገር በዚያ አለቀ። የጋሼ ጥያቄ ግን እዚያ ፋይል ውስጥ መልስ አላገኘም።

ሲኤንጂ መስፋፋት አለበት ብዬ አምናለሁ። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ይዞራል፣ ማታ ወደታወቀ ቦታ ይመለሳል፤ ለዚህ ነዳጅ ከታክሲና ከአውቶቡስ የተሻለ መኪና የለም። የማስቀየሪያውን ወጪ መደጎም ይቻላል። የፈቃድ ክፍያ መቀነስ ይቻላል። ያኔ ጋሼም መኪናቸውን ያስቀይሩ ነበር፤ ሲያጨቃጭቀን የነበረው ጭስም ይበልጥ ይቀንስ ነበር።

አሁንም አዲስ ሹፌሮች እየደወሉ ሲኤንጂ ያዋጣል ወይ ይሉኛል። ያዋጣል እላቸዋለሁ። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን አንብቡ፤ በየ3 ዓመቱ ወይም በየ36,000 ማይሉ መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። መኪናው የካምፓኒ ከሆነ ደግሞ ሊዙ ውላችሁ እስኪያልቅ እንደማይጨምር ሳታስጽፉ አትፈርሙ።