የቤዝቦል ሠንጠረዤ ፒቸሮች ላይ ቆሟል

ኤክሴል ልልመድ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ዳታው ቤዝቦል ሆነና፣ አበረታች ቅመም የበለጠ የሚጠቅመው የትኛው ቦታ ላይ ለሚጫወተው ነው የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። ሐዋሳ ሆኖ ጨዋታውን በቀጥታ ማየት ደግሞ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁም። እንቅልፌን እወዳለሁ።

እኛ ዶፒንግ ሲባል ሩጫ ነው የሚመጣልን፤ ኢፒኦ (ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ ሆርሞን)፣ ደም፣ ኦክስጅን። ቤዝቦል ላይ ወሬው ሁሉ ጡንቻና ሆም ራን (ኳሱን መትቶ ከሜዳው አጥር ማሻገር) ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ማርክ ማግዋየር በ1998 70 ሆም ራን፣ ባሪ ቦንድስ በ2001 73 መቱ። ማግዋየር ስቴሮይድ መውሰዱን በ2010 አምኗል። ኳሱ ከዱላው ሲወጣ ፍጥነቱ ጥቂት ከጨመረ፣ አጥር ሥር ይወድቅ የነበረው አጥሩን ይሻገራል። እስከዚህ ቀላል ነው።

ከዚያ የዲ ጎርደን ረድፍ መጣ። ሁለተኛ ቤዝ (መቺዎቹ እየሮጡ ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች አንዱን) የሚጠብቅ ቀጭን ሯጭ ነበር። በ2015 በመምታት አማካይ 0.333 (ከሦስት ሙከራ አንዱ ያህል ተሳክቶለት) ይዞ የናሽናል ሊግ (ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና ሊጎች የአንዱ) አንደኛ ሆነ፤ 58 ቤዝ ሰረቀ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ደረሰ)፤ ሆም ራኑ 4 ብቻ። በ2016 በቴስቶስትሮንና በክሎስቴቦል (ሁለቱም ጡንቻ የሚያዳብሩ ናቸው) ለ80 ጨዋታ ታገደ። ሆም ራን ብቻ ለሚቆጥሩ ይቺን ረድፍ ነው የማሳያቸው።

ፍዳዬን ያበላኝ ግን ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውረው) ነው። ምኑን ልቁጠር? ፍጥነቱን? ጡንቻው ቢፈረጥምም የክርን ጅማቱ እኩል አይጠነክርም። ፒቸሩ አንዲ ፔቲት በ2002 የእድገት ሆርሞን የወሰደው ክርኑ ቶሎ እንዲድን እንደሆነ ተናግሯል። ይሄ በየትኛው አምድ ይገባል? ቶሎ ወደ ሜዳ መመለስን የሚያሳይ ቁጥር ሠንጠረዤ ውስጥ የለም። ደግሞ ፒቸር ሁሉ አንድ አይደለም። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር የሚወረውረው በአምስት ቀን አንዴ ገደማ ነው። ተቀይሮ የሚገባው በተከታታይ ቀናት ሊጠራ ይችላል። ሦስት ጊዜ ተይዞ በ2016 የዕድሜ ልክ እገዳ የተጣለበት ሄንሪ ሜሂያ (በኋላ ተነስቶለታል) ከሁለተኞቹ ነው። ስለዚህ ለሁለት ከፈልኳቸው። ትንሽ ጠራ፤ አልተፈታም።

ምክር ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ፒቮት ቴብል (ዳታን በየምድቡ የሚያጠቃልል የኤክሴል መሣሪያ) ልመዱ። ዕድሜ የሌለበት የ«በፊትና በኋላ» ግራፍ ደግሞ አታሳዩኝ። ቦንድስ የ73ቱን ሪከርድ ሲይዝ 37 ዓመቱ ነበር፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የታገዱት ዝርዝርም የተያዙትን እንጂ የወሰዱትን አይነግራችሁም።

ካቸሮችን (ከፒቸሩ ኳሱን የሚቀበሉትን) ገና አልነካኋቸውም። የፒቸሮችን የጉዳት ቀናት በንጹህ ሠንጠረዥ የያዘ ካለ ይላክልኝ፤ አሞራ ገደል ዓሣ በእኔ ሒሳብ።