ሉክሶር ማደር ያዋጣል?

መርከባችን ግብፅ ሳፋጋ ወደብ ሁለት ቀን እንደምትቆም ሲነግሩን ከባለቤቴ ጋር ስንከራከር አመሸን። አባይ ዳር ያለችው የጥንት ግብፅ ከተማ ሉክሶር አድሮ መመለስ ለአንድ ሰው 620 ዶላር፤ የቀኑ ጉዞ ደግሞ የዚህን ግማሽ አይሞላም። እኔ "ደርሶ መልስ ይበቃናል" ስል እሷ "መንገዱ ብቻ በአንድ ወገን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አገሩን በአውቶብስ መስኮት ልናየው ነው?" አለች። ተረታሁ።

ትናንት ማታ አባይ ዳር ወረድን። ባለቤቴ ያደገችው ባህር ዳር ነው። ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረችና ብዙ ቆየች። ምንም አላልኳትም።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የጥንት ፈርዖኖች የተቀበሩበት የነገሥታት ሸለቆ ደረስን፤ ሰው የለም፣ አየሩ ቀዝቃዛ። ለብቻው ትኬት ቆርጠን የፈርዖኑ የ6ኛው ራምሴስ (የታዋቂው የዳግማዊ ራምሴስ አይደለም) መቃብር ገባን። ጣሪያው ላይ የሰማይ አምላካቸው ኑት ማታ ፀሐይን ስትውጥ፣ ጠዋት ስትወልዳት ተስላለች። ከ3,000 ዓመት በኋላም ቢጫው ቢጫ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው! አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየሁ።

ትንንሽ ልጆች ለያዘ ሰው የቀኑ ይሻለዋል እላለሁ። ለእኛ ግን ብሩ አልቆጨንም። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስንወጣ የቀኑ አውቶብሶች በዚያ ሙቀት ተሰልፈው ይገቡ ነበር።