በጀርመን ሱቅ ውስጥ ንግድ ስማር፦ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ታሪክ

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት የችርቻሮ ንግድ አውስቢልዱንግ (ሱቅ እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) እየሠራሁ ነው። ሁለተኛው ዓመት እየተገባደደ ነው። ካሳ (ሒሳብ መቀበያው) ላይ መቀመጥንና ዕቃ መደርደርን ማንም ያሳያችኋል። ከጀርባው ያለውን ታሪክ ግን አብሮ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እኔን ሥራውን እንድወደው ያደረገኝ ይኸው ታሪክ ስለሆነ፣ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.፣ ሰዓቶቹ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለማታውቁት አሠራሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱ 3 ዓመት ይፈጃል፤ በ2 ዓመት በሻጭነት መውጣትም ይቻላል። ከሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን ሙያ ትምህርት ቤት ትሄዳላችሁ፤ በቀረው ቀን ሱቅ ትሠራላችሁ፤ ክፍያም አለው። የሠራችሁትን የምትመዘግቡበት ደብተር አለ፤ ቤሪሽትስሄፍት ይሉታል። እሱን ያልሞላ ለፈተና አይቀርብም። እኔ ከተለመደው «ወተት ደረደርኩ፣ ቀኑ ያለፈበትን ለየሁ» በታች አንድ የ«ለምን» ጥያቄ መጻፍ ለመድኩ። ከዚያ ጥያቄዋን ይዤ አሠልጣኜን ወይም አስተማሪዬን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነባለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ዋጋ ነበር። መርካቶ የሄደ ሰው ሳይከራከር አይገዛም። ነጋዴውም ትንሽ ቀንሶ፣ ምርቃት ጨምሮ፣ ደንበኛ አድርጎ ይሸኘዋል። እዚህ የተለጠፈው ዋጋ ቁርጥ ነው። ለዚህ ነገር ግን እዚህ አገር ቀዳሚዎች አሉት፤ የአንዱን ልንገራችሁ። በ1879 ሊዮንሃርድ ቲትስ የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ፣ ሽትራልዙንድ በምትባል የሰሜን ወደብ ከተማ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው አለ። ዱቤ የለም፣ ክፍያ በእጅ ነው አለ። ያልወደዱትን ዕቃ መመለስ ይቻላል አለ። ለጌታውም ለቤት ሠራተኛዋም ዋጋው እኩል መሆኑ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሱቁ አድጎ በብዙ ከተሞች ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ሆነ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ኤፕሪል 1 ቀን በአይሁድ ሱቆች ደጃፍ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎቻቸውን አቆሙ፤ ገዢ እንዳይገባ ነው። የቲትስ ቤተሰብ ድርጅቱን ተነጠቀ፤ ስሙም ካውፍሆፍ ተባለ። የዘመዶቹ የነሄርማን ቲትስ ድርጅት ደግሞ ሄርቲ ሆነ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጻይል በሚባለው የፍራንክፈርት የገበያ ጎዳና ላይ ዕቃ ልገዛ ስወጣ ትልልቆቹን መደብሮች እንደ ድሮው አላያቸውም። አውስቢልዱንግ የምትጀምሩ ሁሉ ይህን ታሪክ እንድታነቡት አጥብቄ እመክራለሁ። የምንማረው ሙያ ላይ አይሁድ ነጋዴዎች ያኖሩት መሠረት ትልቅ ነው፤ የተደረገባቸውም ግፍ እንዲሁ።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በ1932 ምርቃት መስጠትን የሚያግድ ደንብ ወጣ። በ1933 ደግሞ በእጅ ለሚከፍል ደንበኛ የሚደረግ ቅናሽ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ትንንሽ ባለሱቆችን ከትልልቅ መደብሮችና ከሸማቾች ማኅበራት ውድድር ለመከለል ተብሎ ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱም እስከ 2001 አልተነሡም! የወቅት መለወጫ ቅናሽ እንኳ በጃንዋሪና በጁላይ መጨረሻ ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ እሱም እስከ 2004 ድረስ። እንግዲህ ዛሬ 60 ዓመት የሞላቸው ደንበኞቼ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት ቅናሽ በሕግ በሚለካበት አገር ነው። ቅናሽ የተለጠፈበት ዕቃ ሲያዩ ገልበጥ አድርገው የኪሎውን ዋጋ የሚያነቡት ለዚህ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ በትንሹ የተጻፈችው የኪሎ ዋጋ ግዴታ ናት። ዋጋ ስትለጥፉ እሷን አትርሱ።

ሁለተኛው ጥያቄ የእሑድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝም እሱ ነው። ሁላችንም እንደመጣን ሰሞን «እሑድ ሁሉ ዝግ ነው?» ብለናል። መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። የ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት እሑድንና በዓላትን የሥራ ዕረፍትና የመንፈስ መታደሻ ቀን አድርጎ በሕግ ይጠብቃቸዋል። በ1949 አዲሱ መሠረታዊ ሕግ ሲጻፍ ያ አንቀጽ እንዳለ ገባ። ከጀርባው ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ወገኖች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያንና የሠራተኛ ማኅበር። አንዱ ለቅዳሴ፣ አንዱ ለሠራተኛው ዕረፍት።

በ1956 ደግሞ የሱቅ መዝጊያ ሕግ ወጣ። በሥራ ቀን እስከ ማታ 12፡30፣ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይዘጋል። በወር አንዴ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ረዘም ያለ ሰዓት ይፈቀድ ነበር። በ1989 ሐሙስ እስከ ማታ 2፡30 እንዲከፈት ሲፈቀድ የሱቅ ሠራተኞች ተቃውመው ወጥተዋል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነባር ባልደረባ ያንን ጊዜ ታስታውሳለች። ስለዚህ ሰዓት ማራዘም በተነሣ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ለእሷ ጉዳዩ ልጆቿ ማታ ማን ያበላቸዋል የሚል ነው። በ1996 እስከ ማታ 2 ሰዓት ሆነ። በ2006 ሥልጣኑ ለየክልሉ ተሰጠ። እኛ ያለንበት ሄሰን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 24 ሰዓት ፈቀደ፤ ባቫሪያ ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ቀረች።

እሑድን ግን ማንም በቀላሉ አልነካውም። በርሊን ከገና በፊት ያሉትን አራቱንም እሑዶች ፈቅዳ ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናት ከሰሱ፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2009 ፈረደላቸው። እዚሁ ሄሰን የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ቴጉት የሚባለው ድርጅት ቴኦ የሚላቸው ሰው አልባ ትንንሽ ሱቆች አሉት። ሻጭ የለም፤ በካርድ ከፍተህ ትገባለህ፣ ራስህ ሒሳብ ትሠራለህ። ሠራተኛ ስለሌለበት እሑድ ቢከፈት ማንን ይጎዳል ትላላችሁ። የክልሉ አስተዳደር ፍርድ ቤት ግን ሱቅ ሱቅ ነው፣ እሑድ ይዘጋ አለ። በ2024 የክልሉ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ እስከ 120 ካሬ ሜትር ለሆኑት ፈቀደ። እኔ ይህን ክርክር ስከታተል ነው እሑድ እዚህ አገር የአንድ ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ብቻ አለመሆኑ የገባኝ። መላው ከተማ አብሮ ዝም የሚልበት ቀን እንዲኖር ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ። የሱቅ ሠራተኛ ሆኜ እሑድ ቅዳሴ መድረስ መቻሌ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለሥራችን ያለውን ትርጉም ቅዳሜ ከሰዓት ታዩታላችሁ። ዳቦ፣ እንቁላልና ወተት ሳይሸጡ አያድሩም። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ስቅለት ዝግ፣ እሑድ ዝግ፣ ሰኞም ዝግ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰዉ ለአንድ ወር የሚሰንቅ ነው የሚመስለው።

ስለ ቁጠባም ልጻፍ። አልዲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1913 አና አልብሬሽት የምትባል እናት ኤሰን ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ትንሽ የምግብ ሱቅ ከፈተች። ከጦርነቱ በኋላ ልጆቿ ካርልና ቴዎ ተረከቡ። አገሩ ፈርሷል፤ ገንዘብ የለም። ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ ጌጥ የሌለው ሱቅ፣ የወረደ ዋጋ። ይኸው ነበር ዘዴያቸው። በ1961 ወንድማማቾቹ ድርጅቱን ሰሜንና ደቡብ ብለው ተካፈሉ፤ ሲጋራ እንሽጥ አንሽጥ በሚል ነው ይባላል። ፍራንክፈርት በደቡቡ ድርሻ ናት። ሊድል የተከተለውም መንገድ ያው ነው። ኤዴካና ሬቬ ግን ትንንሽ ባለሱቆች ዕቃ በጋራ ለመግዛት ተባብረው ያቆሟቸው ናቸው። ዛሬ እነዚህ አራት ቡድኖች ከአገሩ የምግብ ሽያጭ ከ80 በመቶ በላዩን ይዘዋል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ርካሽ ሱቅ መግባት ነውር የለበትም። ውድ መኪና አቁሞ 1 ዩሮ ሰክቶ ጋሪ የሚያወጣ ሰው በየቀኑ ታያላችሁ። ጦርነትንና ረሃብን ያዩ ወላጆች ያሳደጉት ትውልድ ነው። ለምግብ ብዙ ማውጣት እንደ ክብር አይቆጠርም።

ዎልማርት ይህን ሁሉ ሳያጠና ገባ። በ1997 መጣ፤ በ2006 የያዛቸውን 85 ሱቆች ለሜትሮ ሸጦ ወጣ። በር ላይ ቆሞ ፈገግ እያለ ሰላም የሚል ሰው አቆመ፤ ካሳ ላይ የደንበኛውን ዕቃ ከረጢት ውስጥ የሚከት ሠራተኛ አደረገ። ጀርመኖቹ ግን ዕቃዬን ለምን ይነካብኛል አሉ። በ2000 የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወተትና ቅቤን ከገዛበት በታች እንዳይሸጥ አዘዘው፤ አልዲ ሰሜንና ሊድልም አብረው ታዝዘዋል። ሠራተኞች ባልደረቦቻቸውን እንዲጠቁሙ፣ እርስ በርስ ፍቅር እንዳይጀምሩ የሚል ደንብ ሲያወጣ ደግሞ የሠራተኞች ምክር ቤት (ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚመርጡት ወኪል አካል) ከሰሰው፤ በ2005 ፍርድ ቤት ከደንቡ ከፊሉን ሻረ። ትምህርት ቤት ይህን ጉዳይ በሰፊው ተወያይተንበታል። የክፍሌ ልጆች ስለ ፈገግታው ብዙ አወሩ። እኔ ግን ዋናው የሠራተኞች ምክር ቤቱ ነው ባይ ነኝ። በእኛ ሱቅም ምክር ቤቱ ሳይስማማ የሥራ ሰዓት ድልድል አይለጠፍም። ሥራ ስትጀምሩ አባሎቹ እነማን እንደሆኑ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ካሳ ላይ ያለውን ወግ ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እዩት። ሰላምታ ስጡ፣ ዓይን ዓይኑን እዩ፣ እጃችሁ ይፍጠን። ሰዉ ስለገዛው ነገር ግን አስተያየት አትስጡ። «ዛሬ እንግዳ አለብዎት እንዴ?» ማለት ለእኛ ወግ ነው፤ እዚህ ግን ቤት ሳይጋበዙ እንደመግባት ይቆጠራል። ረቡዕ ጠዋት የሚመጡ አንዲት ባልቴት አሉኝ። ዳቦ፣ ቅቤና የድመት ምግብ ይገዛሉ። ዕቃውን ሰልፍ አስይዘው፣ ከኋላቸው መለያዋን ዘንግ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ሳንቲም በሳንቲም ይቆጥራሉ። ከኋላቸው አምስት ሰው ቢቆምም የሚያጉረመርም የለም። የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው ጥናት በ2023 ከክፍያዎች 51 በመቶው በጥሬ ገንዘብ ነበር። በ2017 ግን 74 በመቶ ነበር፤ እየተለወጠ ነው። ባልቴቷ ግን እንዲህ ይሉኛል፦ ገንዘቤን ሳየው ምን እንዳወጣሁ አውቃለሁ።

የባዶ ጠርሙሱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚመደብላችሁ ሥራ እሱ ነውና። የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ 25 ሳንቲም መያዣ አለው፤ ከ2003 ጀምሮ ነው። የቢራ ጠርሙስ 8፣ ተመልሶ የሚሞላ የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲም። 20 ጠርሙስ የሚይዝ የቢራ ሣጥን ከነጠርሙሱ 3.10 ዩሮ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ሰዎች ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሳይከቱ ከጎኑ ያቆሙታል፤ ለቅሞ የሚኖር ሰው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት ብለው ነው። የእነዚህን ሰዎች ከረጢት ስትቀበሉ በአክብሮት ይሁን። ጡረታቸው የማይበቃቸው አረጋውያንም አሉባቸው።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ዕቃ ማዘዝ ነው። አሠልጣኜ የአትክልቱን ክፍል ትእዛዝ ለእኔ ለቅቆልኛል። ኮምፒውተሩ የባለፈውን ዓመት ሽያጭ ያሳያል፤ ሰዉን ግን አያውቅም። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን 24፣ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ቀን፣ የነጭ አስፓራገስ ወቅት ነው። ከጁን 24 በኋላ ገበሬው ሥሩ እንዲያርፍ ብሎ መቁረጥ ያቆማል። በዚያ ሰሞን አስፓራገስ ከጎኑ ድንች፣ የአሳማ ጭንና ቅቤ ካልቀረበለት ደንበኛው የጎደለ ነገር ያለ ይመስለዋል። በዚህ ዓመት አራቱንም ጎን ለጎን አደረግናቸው፤ ድንቹ ከወትሮው ፈጥኖ አለቀ። ሌላም ነገር ሞክሬያለሁ። ሰፈራችን ሐበሻ አይጠፋበትም። ጾመ ሁዳዴ ሲገባ ምስር፣ ሽሮ የሚሆን ሽንብራ፣ ቀይ ሽንኩርትና የአጃ ወተት ጨመር አድርጌ አዘዝኩ፤ ለአሠልጣኜም የእኛ ጾም ከእነሱ ፋሲካ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም አስረዳሁት። የበዓል ሰሌዳችንን ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

ቀጥሎ የሚጠብቀኝ የመጀመሪያው ክፍል ፈተና ነው። ከዚያ የቃል ፈተናዬን በትእዛዝና በክምችት ላይ ለማድረግ አስቤያለሁ። ምሥራቅ በኩል፣ ላይፕሲሽ ወይም ድሬስደን ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ጻፉልኝ። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ሰዉ የሚገዛው ከመንግሥት ሱቆችና ኮንሱም ከሚባሉት የሸማቾች ማኅበራት ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ አረጋውያን ደንበኞች ዛሬ ምን ይፈልጋሉ? የትኛውን የድሮ ዕቃ ስም ጠርተው ይጠይቋችኋል? ባቫሪያ ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ 2 ሰዓት ከመድረሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት በስንት ሰው እንደምትሸፍኑ ብትነግሩኝ ለድልድሉ ትምህርት ይጠቅመኛል።