አራት ጊዜ «አትፍሩ»

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ሰሞኑን የልደቱን ታሪክ ደግሜ ሳነብ አንድ ቃል አልለቀኝ አለ። መልአኩ ዘካርያስን «አትፍራ» አለው። ማርያምን «አትፍሪ» አላት። ዮሴፍን በሕልም «አትፍራ»፣ እረኞቹን በሌሊት «አትፍሩ»። አራት ጊዜ! ፍርሃታቸው ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ማርያም ታጭታለች እንጂ ገና አላገባችም። ዮሴፍም ሰው ምን እንደሚለው አያጣውም።

ስለ ዮሴፍ ትንሽ ልበል፤ በጣም እወደዋለሁ። በአራቱም ወንጌሎች ከአፉ የወጣ አንድ ቃል አልተጻፈልንም። የተጻፈው ያደረገው ነው። ከእንቅልፉ ነቃ፤ እጮኛውን ወሰዳት። በሌሊት ተነሣ፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ። ታማኝነት ሲባል እኔ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ይህ ዝምተኛ ሰው ነው።

እኛስ? ብዙዎቻችን የተሰጠንን ስጦታ ለክፉ አላዋልነውም። ቀብረነዋል። በማቴዎስ 25 ላይ ኢየሱስ በተናገረው ምሳሌ፣ ከጌታው አንድ መክሊት ተቀብሎ መሬት ውስጥ የቀበረው አገልጋይም ሌባ አልነበረም። ሳያጎድል ነው የመለሰው። ደግሞ አንድ መክሊት ትንሽ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ወደ 6,000 ዲናር ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ሰውየው አፈር ያለበሰው 20 ዓመት ገደማ የሚለፋበትን ዋጋ ነው። «የእኔማ ስጦታ ምን አላት» የምንል ሰዎች ይህን ባንረሳ ደስ ይለኛል።

ለምን ቀበረው? ራሱ ተናግሯል፤ ፈራ። የፈራው ግን ኪሳራን ብቻ አይመስለኝም። ጌታውን «ጨካኝ ሰው» ብሎ ስላሰበ ነው። ለእኔ የምሳሌው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። እግዚአብሔርን ጥፋት ፈላጊ አድርገን ካሰብነው እጃችን ይታሰራል። መዘመር የሚችለው አፉን ይዘጋል። ማስተማር የሚችለው «ብሳሳትስ?» እያለ ዓመት ይጨርሳል። ልደት ደርሶ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ያ የምንፈራው ጌታ በጨርቅ ተጠቅልሎ በግርግም ተኝቷል። ሕፃንን ማን ይፈራል?

ይህን የምላችሁ እኔም የቀበርኩት ስለነበረኝ ነው። አንድ ወዳጄ እናቱን አጣ። መጻፍ ይቀናኛልና የማጽናኛ መልእክት ስልኬ ላይ ጻፍኩለት። አነበብኩት፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት። «እኔ ማን ሆኜ ነው የማጽናናው?» አልኩ። ሦስት ወር እዚያው ተቀመጠ። በመጨረሻ አንድ ማታ እንደምንም ብዬ ላክሁት። ወዲያው ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ያኔ እኮ ብቻዬን ነበርኩ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም።

ድፍረት ሁልጊዜ መድረክ ላይ መቆም አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 9 ላይ የምናገኛት፣ በኢዮጴ ከተማ የነበረችው ጣቢታ ልብስ ትሠራ ነበር። ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነው። እያለቀሱ። ከመካከላቸው አንዷ ጨርቁን በጣቷ ስትዳስስ ይታየኛል። ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል።

ምናልባት ያንተ ስጦታ የታመመ ሰው ጎን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ምናልባት ያንቺ ሒሳብ በታማኝነት መያዝ፣ ወይም ማንም የማያስተውለውን ልጅ በስሙ መጥራት ነው። በዚህ በዓል ጌታ ፍርሃታችንን ያንሣልን ብዬ እጸልያለሁ፤ ለእናንተም ለራሴም።

አሁንም ስልኬ ላይ ያልተላከ አንድ መልእክት አለ። ለተቀየምኩት ወንድም የጻፍኩት ነው። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እልክለታለሁ።

መልካም የልደት በዓል!