በስልክ ገብቶ በጥሬ ብር የሚወጣ ገንዘብ

የዲጂታል ለውጥ ለኢኮኖሚ እድገት ያመጣው ጥቅም የሚመዘነው ስንት ሰው የስልክ ሒሳብ ከፈተ በሚለው ብቻ ባይሆን እመርጣለሁ። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የት ላይ ተመልሶ ጥሬ ብር እንደሚሆን ማየት ይበልጥ ያስረዳል። ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ የምኖርባት ሐዋሳ ናት።

በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አካባቢ ቆሮሶ ጠብሰው የሚሸጡ እናቶች ክፍያ በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ይቀበላሉ። ደንበኛው ልኮ ሲያበቃ «እትዬ፣ ገባልዎት?» ይላል፤ እሳቸውም «ቆይ ልጄ፣ መልእክቱ ይድረስ» ብለው ስልካቸውን ያያሉ፤ ኔትወርኩ ከዘገየ ሁለቱም ቆመው ይጠብቃሉ። ይሁንና እኒሁ ሴት በማግስቱ ጠዋት ዓሣውን ከአስጋሪው የሚረከቡት በጥሬ ብር ነው፤ ማገዶውንም ዘይቱንም የሚገዙት እንዲሁ። ስለዚህ በስልክ የገባላቸውን ለማውጣት ወደ ወኪል ወይም ወደ ባንክ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። የባጃጅ ሾፌሩ ችግር ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ሲደረግ እሱ ቤንዚን የሚቀዳው በስልክ ከፍሎ ሆነ፣ ተሳፋሪው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚሰጠው ዝርዝር ብር ነው። አንዷ ለማውጣት፣ ሌላው ለማስገባት ጊዜያቸውን ያባክናሉ።

ኬንያ በዚህ ረገድ ቀድማናለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያና የመቀበያ አገልግሎት የኬንያውያንን ኑሮ ምን ያህል እንደለወጠ ታቭኒት ሱሪ እና ዊልያም ጃክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች አጥንተው በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አገልግሎቱ 194,000 ያህል ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከአገሪቱ ቤተሰቦች 2 በመቶ የሚሆኑትን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ 185,000 ያህል ሴቶችም ከግብርና ወደ ንግድ ሥራ እንዲሸጋገሩ ረድቷል ብለዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ለውጡን የለኩበት መንገድ ነው፤ ያነጻጸሩት በአካባቢያቸው ብዙ ወኪል የተከፈተላቸውን ቤተሰቦች ብዙም ካልተከፈተላቸው ጋር ነበር። ውጤቱን ያመጣው እንግዲህ መተግበሪያው ብቻውን አይደለም፤ በሰፈር ሱቅ ውስጥ ብር ይዞ የሚቀመጠው ወኪልም ጭምር ነው። በእኛ ዘንድ ስለ አዲስ መተግበሪያ ብዙ ሲነገር ስለ ወኪሉ ኮሚሽንና በእጁ ስለሚይዘው ገንዘብ ግን እምብዛም አይነሳም፤ ይህ ሊታረም ይገባዋል።

በእኛ አገር ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከተለው።

ከክፍያው የሚበልጠው ጥቅም ብድር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው የአነስተኛ ብድር አገልግሎት ቤትም መኪናም በዋስትና አይጠይቅም፤ ደንበኛው በስልኩ ያደረገው እንቅስቃሴ ለብድሩ መነሻ ይሆናል። ከዕቁብ ሌላ ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ ለሌላቸው ዓሣ ሻጭ ይህ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን ሽያጫቸው በስልክ፣ ግዢያቸው በጥሬ ብር ከሆነ መዝገቡ የሚያሳየው የንግዳቸውን ግማሽ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሚያተርፉ፣ ከማን እንደሚረከቡ፣ በየትኛው ወቅት ዓሣ እንደሚጠፋባቸው የሚያውቅ አበዳሪ አይኖርም፤ የሚፈቀድላቸውም ብድር ከሥራቸው አቅም በታች ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሐዋሳ ሥራው ከሐይቁ ዳር ቢጀመር እመኛለሁ። የአስጋሪዎች ማኅበራት የየቀኑን ዓሣ ሒሳብ በስልክ ቢቀበሉ፣ ለአስጋሪው አባልም ድርሻውን በዚያው ቢከፍሉ፣ ዓሣ ሻጯ የገባላቸውን ሳያወጡ መልሰው ይገዙበታል። ለዚህም ከአነስተኛ ክፍያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አለመቁረጥ፣ ገበያው ውስጥ ኔትወርኩን ማጠናከር፣ አማርኛ ወይም ሲዳምኛ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችም ገንዘብ መግባቱን በድምፅ የሚያሳውቅ አገልግሎት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።