የሽሮዋ ድስት

ዛሬ ሲዘንብ ነው የዋለው። ፍልሰታም ገብቷል። ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ እስከ ጓዳ ዘልቆ የረጠበ ደንገል ይሸታል። እንዲህ ሲሆን ሆዴ ባር ባር ይለኛል፤ የእናቴ ሽሮ ካልሆነ ሌላ አያምረኝም። ድስቷን አውርጄ ጣድኩ። ከእሳት ወርዳም ስትንተከተክ ደስ አለኝ። ስጎርስ ግን አምባዛ አምባዛ አለኝ።

ከጾሙ በፊት የወንድሜ ሚስት መጥታ ነበር። «ጣና ድረስ መጥቼ ዓሣ ሳልሠራላችሁማ አልሄድም» ብላ ያገኘችው ድስት ይቺን ነው። በፈሳሽ ሳሙናም አጥባታለች። ለእኛው ብላ ነው፣ አልፈርድባትም። ሸክላ ግን ይጠጣል። በኩበትና በእንጨት እሳት የተቃጠለ አፈር ነው፤ እንደ ብረት ድስት ላዩን አጥበውት አይለቅም። እናቴ ቤት የዶሮው ድስት ለዶሮ፣ የሽሮው ለሽሮ ብቻ የነበረው ለዚህ ነው።

የገዛናት ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ። እናቴ ድስቶቹን ተራ በተራ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር። ደህናው ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ቤት እንደገባን የጎመን ዘር ወቅጣ ውስጧን ቀባቻትና ለስላሳ እሳት ላይ ጣደቻት፤ ሲደርቅ ደግማ ቀባች። «ካላሟሸሻት ወጡን ትጠጣብሻለች» አለችኝ። ያኔ ቀይ ነበረች፣ ዛሬ ከሰል መስላለች። ላይዋ በድንጋይ ተፍቆ ለስልሷል፤ ከከንፈሯ ሥር፣ በውስጥ በኩል ግን፣ የሠሪዋ ሁለት ጣት የሄደበት መስመር አሁንም አለ። ጣቴን ሳስገባበት ልክክ ይላል።

ማታ ባዶ ውኃ አፈላሁባት። ስስ አረፋ ወጣ፣ የሳሙናው ነው። ደፋሁትና ደገምኩ። ሁለተኛው ቡናማ ሆነ። ቀዝቀዝ ሲል ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ከዓሣው ሥር በሶብላና ኮረሪማ አለ። እኔ ሽሮዬ ላይ ኮረሪማ አልጨምርም። እናቴ ነበረች የምትጨምረው።

እጄ ለምዶ ያንንም ደፋሁት።

አሁን መስኮቱ ሥር አፏን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጫታለሁ፤ ፀሐይ እንደሆነ የለም። ዓሣው ገና አልለቀቀም። አንድ ጊዜ ባፈላት ይለቅ ይሆናል። የእናቴስ አብሮ ቢለቅ?