አያቱን የጣለው ደንበኛችን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ቢሯችን ጠባብ ናት። ታክስ እንሠራለን፣ ወረቀት እንተረጉማለን፣ የኢሚግሬሽን ፎርም እንሞላለን። አብዛኛው ሥራችን ከአገር ቤት ዘመድ ማምጣት ነው። የታይላንድ ቪዛ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ስለሆነ፣ ይህኛው ደንበኛ ሲገባ ሁላችንም ወንበር ስበን ነው የሰማነው።

ሰውዬው የአገራችን ልጅ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል፣ ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ ነው። ሚስቱ ታይላንዳዊት ናት። የተጋቡት ሮክቪል፣ በካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። እናቷ ሲታመሙባት እሷ ቀድማ ወደ አገሯ፣ ወደ ኡዶን ታኒ ከተማ ሄደች። እሱም ሊከተላት ቆርጧል። ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር ስለሆነ የሚያስፈልገው «ኖን ኢሚግራንት ኦ» የሚባለው ቪዛ ነው፤ ታይላንዳዊ ላገባ ሰው የሚሰጠው ማለት ነው። መጀመሪያ 90 ቀን ያስቆያል፣ ከዚያ እዚያው አገር ውስጥ ለዓመት ይራዘማል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሁሉም የታይላንድ ኤምባሲዎች እንዲህ ሆኗል።

እሱም ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሞልቶ ላከ። መልስ ሲመጣ «ተጨማሪ ሰነድ ያቅርቡ» ይላል።

«እህቴ፣ ሚስቴ መሆኗን አላመኑም» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ስልኩን አወጣ። የሠርግ ፎቶ ነው፣ ማለቂያ የለውም። አንዱ ላይ ሁለቱም ካባ ደርበው ቆመዋል። ሌላው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የታይ ቤተ መቅደስ ነው፤ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ ራሳቸው ላይ በነጭ ክር የተያያዘ ጉንጉን ተደርጎ፣ አንዲት አሮጊት ከትልቅ ዛጎል እጃቸው ላይ ውኃ ያፈሱላቸዋል። ደስ የሚል ፎቶ ነው፣ አይካድም። አንድ ክምር ፎቶ ቀድሞ ልኮላቸዋል። አሁን ደግሞ የቀረውን ልጨምርበት ወይ ነው ጥያቄው።

«ፎቶውን አቆየው፤ እስቲ ፓስፖርትህንና የጋብቻ ወረቀትህን አምጣ» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም አለ፦ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። የመጨረሻው፣ ማለትም የአያቱ ስም፣ እንደ ቤተሰብ ስም ነው የተያዘው። ፓስፖርቱ ላይ ግን ያለው የራሱና የአባቱ ስም ብቻ ነው። የአባቱም ስም ቢሆን አንድ ፊደል ጎድሎታል።

«አያትህን ወዴት ጣልካቸው?»

ሳቀ። «ባንክ ስሄድ በሳቸው ስም ይጠሩኛል፣ ሐኪም ቤት በሳቸው ስም ይጠሩኛል። ዜግነት ስወስድ ዳኛው ፊት ተገላገልኩ።»

ይኸው ነው ነገሩ። እኛ ስናየው ግልጽ ነው፤ ሐበሻ ስሙ እንዴት እንደሚደረደር እናውቃለን። ማመልከቻውን የሚያየው የቪዛ ሠራተኛ ግን የሚያየው ሌላ ነው። አንድ ሰው ይህችን ሴት አግብቷል። ሌላ የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ደግሞ ባሏ ነኝ ብሎ ቪዛ ይጠይቃል። እኔ ብሆንም እጠይቃለሁ። ፍቅራቸውን የተጠራጠረ ሰው የለም፤ ሠርግ ላይ ያለው ሰውዬና ፓስፖርት ላይ ያለው ሰውዬ አንድ መሆናቸውን የሚናገር ወረቀት ነው የጠፋው። መቶ ፎቶ ቢደረደር ይህንን አይሞላም።

ያ ወረቀት ደግሞ አለው። ዜግነት ሲወስድ ስሙን የቀየረው በፌዴራል ፍርድ ቤት ስለነበር፣ የድሮውንና የአዲሱን ስም አንድ ገጽ ላይ የያዘ ትእዛዝ ተሰጥቶታል።

«እሱ ለመንጃ ፈቃድ ብቻ መስሎኝ እኮ» አለ። መሳቢያው ውስጥ፣ ከሸጠው መኪና ወረቀት ጋር ተጣጥፎ ተገኘ።

ሌላም ነገር ነበር። የባንክ ማስረጃ ብሎ የላከው የስልክ ስክሪንሾት ነው፤ ገንዘቡ ይታያል፣ የማን እንደሆነ አይታይም። እሱን ከባንኩ በፒዲኤፍ አወረድን። የሚስቱን መታወቂያ ደግሞ እንዲሁ ፎቶ አንስቶ ነው የላከው። በቪዲዮ ደውለን ስናሳያት ከት ብላ ሳቀች። እዚያ ማታ ነው፣ በፒጃማ ናት። የመታወቂያዋን ኮፒ ወረቀት ላይ አውጥታ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ሰያፍ መስመር አሰመረችበት። በመስመሮቹ መሃል ለቪዛ ጉዳይ ብቻ መሆኑን ጻፈች። ከሥር ደግሞ «ትክክለኛ ኮፒ ነው» ብላ ፈረመች። ታይላንድ ውስጥ መታወቂያህን ለማንም ስትሰጥ እንዲህ ነው የሚደረገው አለችን፤ ያለዚያ ኮፒህን ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ይጠቀምበታል። ለእኛም ቢለመድ ደስ ይለኛል። ስንቱ ነው የፓስፖርቱን ፎቶ በቴሌግራም ላገኘው ሁሉ የሚልከው!

የእሷ ስም ምንም ችግር አልነበረበትም። የታይላንድ ሴት ስታገባ የባሏን የቤተሰብ ስም መውሰድም መተውም ትችላለች፤ እሷ እንደኛ አገር ሴት የራሷን ይዛ ቀርታለች። የቤት መዝገባቸው፣ ያ ሰማያዊ ደብተር፣ ሲመጣ ግን ቢሮው ተሳሳቀ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ ከ2500 በላይ ነው። በቡድሃ አቆጣጠር ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ። ቀኑን ሙሉ በልደት ካርድ ላይ ሰባትና ስምንት ሲደምር የሚውለው ባልደረባችን ያን ቀን መቀነስ ጀመረ።

እንግዲህ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከጋብቻ ወረቀቱ ቀጥሎ አያይዘን፣ ማን ማን እንደሆነ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ጨምረን መልሰን ላክን። ቪዛው በኢሜይል መጣ። ከዚያ ወዲህ የትዳር ጉዳይ ይዞ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችን ተቀይሯል። መቼ ተጋባችሁ ሳይሆን «ከተጋባችሁ ወዲህ ስምህ ተነክቷል ወይ?» ነው የምንለው። ሰው ይገርመዋል፣ ግን ይመልሳል።

በቅርቡ ከኡዶን ደወለልኝ። 90 ቀኑ እየተጋመሰ ስለሆነ ማራዘሙን ጀምሯል። እዚያ ያለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በስሙ የታይላንድ ባንክ ውስጥ ሁለት ወር የተቀመጠ 400,000 ባት፣ ወይም በወር 40,000 ባት ገቢ ይፈልጋል። እሱን አዘጋጅቷል።

«እህቴ ስሚኝማ፣ እዚህ ደግሞ ፎቶ አምጣ ይላሉ!»

«የሠርጉን ስጣቸዋ።»

«አይሆንም። ሁለታችን ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በር ላይ፣ የቤት ቁጥሩ እየታየ።»

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ እዚያ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት፤ «ኮር ሮር 22» ይሉታል። ለዚህ ደግሞ የሮክቪሉ የጋብቻ ወረቀት ተረጋግጦ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ አናፖሊስ ያለው የሜሪላንድ ግዛት መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ስቴት ዲፓርትመንት)፣ በመጨረሻ ጆርጅታውን ያለው የታይላንድ ኤምባሲ። አዲስ ኮፒ ከሮክቪል አውጥተን አናፖሊስ ልከናል። የስም ለውጡ ወረቀት የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሆነ በአናፖሊስ በኩል አያልፍም፣ መንገዱ ለብቻው ነው። እሱን ሰኞ እጀምርልሃለሁ ብዬዋለሁ።